ግሳት ያዞራት መርከብ

ዶክተር ሩፐርት ሂብስ «የመርከብ ሐኪም ነኝ» ባለ ቁጥር የሰሚው ዓይን ይበራል። ሰው ሁሉ የሚታየው ፀሐይ፣ ሙዚቃና ቆነጃጅት ነው። እሱ ግን ቶሎ ብሎ ያርማል፦ «ተቅማጥ፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትና ፀሐይ የላጠው መላጣ ነው እንጂ ምን አለ ብለህ!» ይላል። ይህን ሲል የራሱን መላጣ ዳበስ ያደርጋል። በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ባርኔጣውን ረስቶ ሲንጎራደድ ውሎ፣ መርከቧ ላይ መጀመሪያ ያከመው በሽተኛ ራሱን ነበር።

አገሩ ኒውፋውንድላንድ ነው፤ ከሰው ይልቅ ጭጋግና ዓሣ የሚበዛበት ደሴት። እዚያ የአጥማጆችን ጉሮሮ ሲያይ ኖሮ ጡረታው ሲደርስ «እስቲ ደግሞ አንድ ቀን ይሙቀኝ» አለና ከማያሚ እየተነሳች ካሪቢያንን በምትዞረው በ«ሌዲ ማርጎ» ላይ ተቀጠረ። ነጩን የደንብ ልብስ ከነወርቃማ መስመሩ የለበሰ ዕለት አድሚራል የሆነ መሰለው። ደረቱን ነፍቶ ወደ መዋኛው ብቅ ሲል አንዲት ሴትዮ ከኋላው ነካ አደረገችውና «ወንድም፣ በረዶ ጨምርልኝ እስቲ» ብላ ብርጭቆዋን አስጨበጠችው። ምን ያድርግ? ጨመረላት። «ተባረክ፣ ከትናንቱ አስተናጋጅ አንተ ትሻላለህ» አለችው። እሱም ይህን ለማንም ለማውራት አይሰስትም፤ በሕክምና ዘመኑ ያገኘው ትልቁ ምስጋና እሱ ነው ይላል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለው የቴክሳሱ ሰውዬ ነገር ነው።

ሌሎች መርከቦች የክብር ራታቸውን ወደ ጉዞው ማብቂያ ያደርጉታል፤ ሌዲ ማርጎ ግን ገና ከማያሚ በወጣችበት ምሽት ነው የምትጀምረው። ወንዱ ከረባት አንቆ፣ ሴቱ ቀሚስ እየጎተተ ይቀመጥና ሎብስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት በቅቤ እንደ ልብ ይቀርባል። ያኔ የሚበላው አበላል፣ አይጣል ነው! ከራት በኋላ ክሊኒኩ በር ላይ ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ደረቱን ይዞ «ልቤን! ልቤን!» ይላል። ነርሷ ሮዌና ምላሷ ከመርፌዋ የሚያይል ፊሊፒናዊት ናት። የቃር መድኃኒቱን አስቀድማ ትደረድርና «ዶክ፣ ልቦቹ መጡልህ» ትላለች።

ባለፈው ወር ከእነዚህ «ልቦች» አንዱ ሚስተር ቦይድ የሚባል የቴክሳስ ሰው ነበር፤ ቁም ሣጥን የሚያክል። ላብ አጥምቆት «ሞትኩ!» እያለ ሲመጣ ዶክተር ሂብስ ከበሽተኛው ይልቅ ደነገጠና መርከቧን ቅርብ ወዳለው የአሜሪካ ወደብ፣ ወደ ኪ ዌስት፣ አስመለሳት። ወደቡ ላይ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውዬው ቃሬዛ ላይ ተጭኖ ሲወርድ ቀና አለ፣ አፉን ከፈተ፣ አገሳ። ምን ዓይነት ግሳት! ወደቡ ላይ ያንቀላፉት ወፎች ብርር ብለው ተነሱ። «ውይ ተገላገልኩ!» አለ ሚስተር ቦይድ። «ምግብ ቤቱ ተዘጋ እንዴ?»

በዚያ ጉዞ ኮዙሜል የሚባለው የሜክሲኮ ደሴት ቀረ፤ ተሳፋሪውም ሐኪሙን በዓይኑ በላው። ካፒቴን ፋኒስ ፊቱ የማይፈታ ግሪካዊ ነው። ጠራውና «ስማ ዶክተር፣ መርከቤን ማዕበል አዙሮብኛል፤ እሳትም አዙሮብኛል። በግሳት ስዞር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለው።

ከዚያ ወዲያ የሠራተኛው ሰላምታ ግሳት ሆነ። እሱ ሲያልፍ ምንጣፍ ጠራጊው ያገሳል፤ ጊታር መቺው ያገሳል፤ ወጥ ቤቶቹማ በኅብረት ነው። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ «እንደኔ ያለ ሐኪም የት ይገኛል? የኔ በሽተኛ እኮ አምቡላንስ ሲያይ ነው የሚድነው!» ይላል። ውስጡ ግን ያርራል። ክፍሉ ገብቶ «ሁለተኛ መርከብ ባዞር ሩፐርት አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

በሚቀጥለው ጉዞ ሚስ ኦዴት የሚባሉ የሉዊዚያና አሮጊት ከባላቸው ከሚስተር አልሲድ ጋር ተሳፈሩ። ካሚል የምትባለውን ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን ኮዙሜል ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሊድሩ፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው ነው። በክብር ራቱ ዶክተር ሂብስ የሚያስተናግደው ጠረጴዛ የእነሱ ሆነ። የካፒቴኑ ደንብ ግልጽ ነው፦ ጠረጴዛ የሚያስተናግድ መኮንን ብዙ ያጫውታል፣ ጥቂት ይበላል። ከተሳፋሪ ሳህን መንካትማ ነውር ነው። ሚስ ኦዴት ግን ሎብስተራቸውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉና «እንካ ልጄ፣ አንተ ብላልኝ። ስትታይ ጠግበህ የምታውቅ አትመስልም» አሉት።

«ኧረ ግድ የለም፣ ደንቡም...» አለ ለአፉ ያህል። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኘና በቅቤ እያጠቀሰ ሰለቀጠው።

ራቱ ሲያልቅ እንደተለመደው ልቦቹ ተሰለፉ። ከመካከላቸው ሚስ ኦዴት በባላቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። «ቃር ነው፤ አንድ ክኒን ስጠኝና ልሂድ» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መንጋጋቸውን ይጠዘጥዛቸዋል፣ ድካም ድካምም ይላቸዋል። በልብ ምት ማሽኑ ታዩ፤ ምንም የለም። ደማቸው ተመረመረ፤ ምንም የለም።

«ገና አሁን ከጀመረ በሁለቱም ላይታይ ይችላል» አለች ሮዌና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ» አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የሚታየው ግን ሚስተር ቦይድ ነበር፤ የሚሰማውም የወጥ ቤቶቹ ኅብረ ዝማሬ። እጁን ወደ ቃር መድኃኒቱ ሰደደ።

«ያ የተረገመ ሎብስተር ነው እንዲህ ያደረገኝ!» አሉ ሚስ ኦዴት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። የቱ ሎብስተር? ሎብስተሩ ያለው እኮ እሱ ሆድ ውስጥ ነው! አሁንም ቅቤው ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ይተናነቀዋል። ሎብስተር ባልገባበት ሆድ ሎብስተር ፍለጋ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

«ሚስ ኦዴት፣ ሎብስተርዎን የበላሁት እኮ እኔ ነኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር ነገራቸው። «ለራት ልንቀመጥ ስንል ነው የጀመረኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ግን ልጅቷ አሸዋ ላይ ልዳር ብላ ስታልም ነው የኖረችው። መርከቧን ብታዞርብኝ አልምርህም ዶክተር። ሰማኸኝ? አልምርህም!»

ስልኩን አነሳ።

«ካፒቴን፣ ወደ ኪ ዌስት መመለስ አለብን።»

«ግሳት ነው?» አለ ካፒቴኑ።

«አይመስለኝም።»

«ምርመራው ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ትቀልድብኛለህ ዶክተር?»

«እሳቸው የሎብስተር ቃር ነው ይላሉ። ግን አልበሉም። ሎብስተራቸውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?»

«ከሳህናቸው ላይ። ደንቡን አውቃለሁ፤ በላሁት እንግዲህ! በባሕር ምግብ ያደገ የሉዊዚያና ሰው ሎብስተር ከገፋ ጤና የለም ካፒቴን። ግሳት ሆኖ ከተገኘ መርከቡ በሙሉ እየሰማኝ በድምፅ ማጉያው አገሳለሁ፤ ከዚያ የፈለጉበት ወደብ ያውርዱኝ።»

«ጣፈጠህ?» አለ ካፒቴኑ።

«በጣም።»

«መሪውን ወደ ኪ ዌስት አዙሩ!» ሲል ሰማው፤ ስልኩም ተዘጋ።

መርከቧ ስትዞር መተላለፊያው በጩኸት ተሞላ። «ዛሬስ ማን አገሳ?» ይላል አንዱ። ዶክተር ሂብስ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚስ ኦዴትን ክንድ ይዟል። ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ «እውነተኛ የልብ ሕመም በሆነልኝ» ብሎ ተመኘ። ወዲያው ራሱን ተጸየፈ። የገዛ ፊቱ እንዳይቀላ የሰው አሮጊት ልብ ይዘጋ? ይህ ነው እንግዲህ ሐኪሙ! በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ያፈረበት ጊዜ የለም።

ደማቸው እንደገና ሲመረመር ሮዌና ውጤቱን አየችና «ዶክ፣ ልባቸው ነው» አለች፤ ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል። ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማውም፤ ያለ የሌለውን መድኃኒት እየሰጠ «በርቱ እናቴ፣ በርቱ» ሲል ብቻ ነበር።

የኪ ዌስት መብራት መታየት ሲጀምር ካሚል የሙሽራ ቀሚሷን በክንዷ ታቅፋ እያለቀሰች ገባች። ሚስ ኦዴት እጇን ያዙና «አሸዋው ይቅር፤ ዓይኔ እያየ ተዳሪ» አሏት። ሙሽራው ተጠራ፤ ካፒቴን ፋኒስም ማኅተሙን ይዞ ወረደና እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ አጋባቸው። ዶክተር ሂብስ የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጎ ይዞ «ያሳጥሩት ካፒቴን፣ ያሳጥሩት!» እያለ ይነጫነጫል። የሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ ከሙሽሮቹ መሐል ብቅ ያለው መላጣ የእሱ ነው።

ሚስ ኦዴት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ከተወሰዱ በኋላ ወደ ሠራተኞቹ መመገቢያ አልሄደም። ኮዙሜልን ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀረ ሰው በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ክፍሉ ተቀምጦ ደረቅ ብስኩት ሲቆረጥም ሚስተር አልሲድ መጀመሪያ ለካፒቴኑ፣ ቀጥሎም ለእሱ ደወሉ። ተዘግቶ የነበረው የደም ሥር ተከፍቷል። ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። «አሁንማ የሆስፒታሉ ሾርባ ጨው የለውም ብላ ነርሶቹን እየተቆጣች ነው» አሉ፤ ሳቅና ለቅሶ እየተቀላቀለባቸው። «ላንተም መልእክት አላት። ‘ሎብስተሬን ግን አልማርኩህም’ በልልኝ ብላለች።»

ያኔ ነው ራቡ የተሰማው። ወደ መመገቢያው ወረደ። በሩን ሲከፍት ማንኪያው ሁሉ ጸጥ አለ። ወጥ ቤቱ፣ ምንጣፍ ጠራጊው፣ ሮዌና ሳትቀር፣ ሁሉም ከወንበሩ ተነሣ። ፊት ለፊት ደግሞ እዚያ ክፍል ረግጦ የማያውቀው ካፒቴን ፋኒስ ከነሙሉ የክብር ልብሱ ቆሟል፤ ቆቡን ብብቱ ውስጥ ይዞ። ፊቱ እንደ ወትሮው አልተፈታም። ሐኪሙን ቀጥ ብሎ አየው፣ አፉን ከፈተ፣ አገሳ።

ከዚያ ቤቱ በሙሉ በግሳት ተቀበለው። ዶክተር ሂብስ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ። ግን ሲቃ ያዘውና አንዲት ግሳት እንኳ አልወጣችውም።