የመንገደኛው ክትባት

ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ፣ በባሮ ወንዝ ይካሄድ ስለነበረው የቀድሞ ንግድ የሚናገሩ ሰነዶችን እንድመረምር ወደ ደቡብ ሱዳን ተጋበዝሁ። ከጉዞው በፊት እንድወስዳቸው ከታዘዙት ክትባቶች አንዱ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ነበር። መቱ ከሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ደም እንወስዳለን፤ ቫይረሱ ካለብዎት ክትባቱ አይሠራም» አለችኝ ነርሷ።

«እኔ እንኳ ድሮ እዚህ ሁሩሙ ወረዳ በምላጭ ተከትቤያለሁ» አልኋት እየቀለድሁ።

አልሳቀችም። «ምላጩ ሌላ ሰው ነክቶ ነበር?»

ነክቶ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት የባህል ሐኪሞችን ዕውቀት ስመዘግብ፣ ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለውን የዓይን ቢጫ መሆን የሚያክሙ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብቼ ነበር። በቤታቸው ልማድ፣ የታማሚው ክንድ ከተበጣ በኋላ አብረውት የገቡት ሁሉ በዚያው ምላጭ ይበጣሉ፤ ወፏ ወደ እነርሱ እንዳትሻገር። ያልተበጣ ሰው ጥያቄ መጠየቅ አይፈቀድለትም። እኔ ደግሞ መጠየቅ እፈልግ ነበር። ሽማግሌው ምላጩን በቅጠል ጠርገው በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ና፣ ሲሉኝ ቀርቤ ክንዴን ሰጠሁ። የቅጠሉን ዓይነት፣ የብጣቱን ቁጥርና ርዝመት በጥንቃቄ ጻፍሁ። ስለ ደሙ አንድም ቃል አልጻፍሁም። ለባለቤቴ የቡና ቅርንጫፍ ቧጨረኝ አልኋት።

«በደምና በግንኙነት ይተላለፋል» አለችኝ ነርሷ። «ከተገኘብዎት ባለቤትዎም መመርመር አለባቸው።»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ጉዞው ማሰብ ተውሁ። ውጤቱ እስኪደርስ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ቫይረሱ ምላጭ ላይ ስንት ቀን ይቆያል? ቅጠል ያጠፋዋል? ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ እንዴት ይኖራል?

«ደርቆ እንኳ ሳምንት ይቆያል። ቅጠሉን አላውቅም። ጋሼ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?»

ተገኘብኝ።

«ከምላጩ ነው?» አልኋት።

«ይሄን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ሲወለዱም ሊሆን ይችላል፣ በመርፌም፣ በምላጩም። አሁን የጉበትዎን ሁኔታ ሐኪም ይይልዎት። ለጉዞው መሄድ አለመሄድዎንም እሱ ይወስናል።»

ምንጩ የማይታወቅ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሲያጓጓኝ ኖሯል፤ ይህኛው በገዛ ሰውነቴ ውስጥ መሆኑ ግን እንግዳ ሆነብኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነበር። የምላጩን ነገር ሳልቆራርጥ ነገርኋት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ያ የቡና ቅርንጫፍ» አለች፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ሳይደርቅ ኖሯል?»

«ኖሯል።»

«ብትነግረኝ እኮ ያኔ ስቄብህ ነገሩ ያበቃ ነበር።»

በማግስቱ አብረን ሄድን። ደሟ ሲቀዳ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ነርሷ ውጤቱን ይዛ መጥታ የተናገረችው ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ ነበር፤ «እትዬ፣ የለብዎትም። ክትባቱን ዛሬ እንጀምር። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው።»

ባለቤቴ እጅጌዋን እየሰበሰበች ጠየቀች፤ «ልጆቼስ?»

«አንድ ቤት ውስጥ በጋራ ምላጭም ይተላለፋል፤ ትልልቅም ቢሆኑ ይመርመሩ።»

እኔ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነበር። ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ ስልኳን አውጥታ የትልቁን ልጃችንን ቁጥር ፈልጋ ሰጠችኝ።

«አንተው ንገረው» አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ልጄ ወዲያው አነሣ። እኔ ደውዬለት ስለማላውቅ ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። «ደህና ነን» አልሁትና፣ ተረጋግቶ እንዲሰማኝ ለምኜ ከምላጩ ጀመርሁ።