ከሣሩ ሥር የሚያልፈው ጉድጓድ

ደብዳቤው የተጻፈው ለባለቤቴና ለአጎቱ ነው፤ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ። በቤታችን ፖስታ መክፈት የእኔ ሥራ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ውሎ ይገባና ወረቀት ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል።

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ቤቶቹ አልቀው ሜዳው በሚጀምርበት፣ ሁለቱ በጋራ የገዙት መሬት አለ። ለበዓል የሚሆን በግ እናረባበታለን ብለው ነው የገዙት፤ በጎቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። በዚህ አገር የመሬቱ ላይና የመሬቱ ውስጥ ለየብቻ ይሸጣል። የሸጠልን ሽማግሌ ገበሬ ሁለቱንም አንድ ላይ እንዳስተላለፈልን ያን ጊዜ ማናችንም ልብ አላልንም። ደብዳቤ ጸሐፊው ግን ልብ ብሏል። መሬታችሁ ላይ የነዳጅ ጉድጓድ የለም፣ ከታች ያለው መብትም ይህን ያህል የሚያወጣ አይደለም፣ ቢሆንም ልግዛውና ተገላገሉ ይላል፤ በጣም ትሑት ሰው ነው።

አጎትየው ሊትልተን ነው የሚኖሩት። ባለቤቴን አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በእኛ ቤት እሳቸው የተናገሩት ነገር ይግባኝ የለውም። እኔም እንደ ባለቤቴ ጋሼ ነው የምላቸው። የአባታቸውን መሬት ደርግ ሲወርሰው አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ከመሬት በታች ያለ ነገር የመንግሥት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ዛሬ ዝም ቢል ነገ ይመጣል። ሲመጣ እኛ እጅ ላይ አያግኘው። ሳይን አድርገን እንገላገል።»

ባለቤቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ለደብዳቤ ጸሐፊው ራሳቸው ደውለው ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እኛ ቤት እንዲመጣ ቀጠሩት። አሥር ቀን ነበረኝ።

አዲስ አበባ እያለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት። ፋይል ጠፋ ሲባል የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ኃላፊው ሳይቀር እየለመነ ይመጣ ነበር። ዴንቨር ስመጣ ይህ ሙያ የሚፈልገው ሰው አላገኘም። ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ መውጫ ላይ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ቢሆንም ወረቀት ሲሰጡኝ ጀርባውን ሳላይ አላልፍም። ምንም የማያወጣ ነገር ለመግዛት ቴምብር ለጥፎ የሚጽፍ ሰው አላውቅም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ያ ሰውዬ አጥራችንን እየነቀነቀ ነው አልኩ።

መጀመሪያ ባለቤቴን ወደ መሬቱ ላክሁት። ዞሮ አይቶ መጣ።

«ሣርና አጥር ነው» አለኝ። «አንዲት ፓምፕ የለችም። ሰውዬው እውነቱን ነው።»

«አንተ ያየኸው ከላይ ነው» አልኩት።

የስቴቱ መንግሥት የነዳጅ ጉድጓዶቹን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። በዕረፍት ቀኔ አውሮራ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴን ስም ጻፍኩ፤ ምንም። የአጎቱን ጻፍኩ፤ ምንም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስማቸውን ስገለባብጥ ቆየሁ። እኛ ጋ ፋይል የሚከፈተው በባለጉዳዩ ስም ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ልማድ አሳሳተኝ። እዚህ ጉድጓድ የሚመዘገበው በቦታው ነው፤ ከላይ ያለው መሬት የማንም ይሁን የማን ግድ የላቸውም። በማግስቱ ከግዥ ውላችን ላይ የመሬቱን ቁጥሮች ቀድቼ ካርታው ውስጥ አስገባሁ፤ ሜዳችን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። እያንዳንዱ ጉድጓድ እንደ መኪና ታርጋ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ስትነካው መቼ ፈቃድ እንደተጠየቀበት፣ መቼ እንደተቆፈረ፣ በየወሩ ስንት በርሜል ዘይት እንዳወጣ ይዘረዝራል። ከእኛ በስተምዕራብ ያሉት አንድ ወር እንኳ አላረፉም። የምሳ ሰዓቴን ሁሉ የወር በወሩን ምርት በደብተር ስገለብጥ ጨረስኩት። መጀመሪያ በብዛት ይፈስና እያደር ይቀንሳል፤ ግን አይነጥፍም።

በአምስተኛው ቀን ካርታው ላይ አንዲት የተቆራረጠች መስመር አየሁ። ከእኛ ሁለት ማይል ርቃ ትጀምርና ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከዚያ አግድም ታጥፋ በሜዳችን ሥር ከዳር እስከ ዳር ታልፋለች። ገና ያልተቆፈረች ጉድጓድ ናት። ፈቃዷ የተጠየቀው ደብዳቤው ከመጻፉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሰውዬው አልዋሸም፤ እውነትም መሬታችን ላይ ጉድጓድ የለም። ከሥሩ ዘይት ሲወጣ ግን ድርሻው የሚከፈለው የታችኛውን መብት ለያዘ ሰው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ።

ያም ሆኖ አልቸኮልኩም፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ከታች ያለውን መብት ከገበሬው በፊት አንዱ ለራሱ አስቀርቶት ቢሆንስ? የመሬት ውል የሚመዘገብበት የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄጄ መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን ውል አንድ በአንድ፣ እስከ መጀመሪያው ባለቤት ድረስ አስወጣሁ። ማንም ምንም አላስቀረም። ኮፒ ያደረገችልኝ ሴት ጠበቃ ነሽ ወይ አለችኝ። ፓርኪንግ ነው የምሠራው አልኳት፤ እንደዚያ ቀን ይህን ቃል ደረቴን ነፍቼ ተናግሬው አላውቅም።

ቅዳሜ ጋሼ ክራቫት አስረው መጡ። ሰውዬው ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ባለቤቴ ምንጣፉን ያያል። በእኛ ቤት እሳቸው የወሰኑትን የነካ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። መስመሯን በጣቴ እየተከተልኩ አስረዳኋቸው፤ የጎረቤቶቹንም ምርት አሳየኋቸው። አላቋረጡኝም።

«መንግሥት ይኼን ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«መዝግቦ የያዘው እኮ እሱ ነው።»

«ከታችም የእኛ ነው ብሎ?»

«ከታችም። ይኸው ውሉ ላይ ስምዎ።»

ስማቸውን ደጋግመው አነበቡት።

«እንግዲህ ይኼን ከእኔ የሚወስድ የለም?»

«እርስዎ ካልፈረሙ በቀር የለም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አባቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወረቀት የሚያነብለት ሰው አልነበረውም።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ቦርሳውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ገባና እኔን አልፎ ቀጥታ ወደ እሳቸው እጁን ዘረጋ። ጨበጡት። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው «ከእሷ ጋር ተነጋገር» አሉትና ከጠረጴዛው ራስ ላይ የነበረውን የራሳቸውን ወንበር ሳቡልኝ። ወደ ሰባ በተጠጋ ዕድሜያቸው ወንበሩን እንደያዙ፣ እኔ እስክቀመጥ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።