አራት ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ከሞጣ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እህቴ ብርቄ ጋቢ ተሸክማ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝና "የሰው ሀገር ብርዱ አይታወቅም፤ ያዢው" አለችኝ። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቡን። ጋምቤላ ስንደርስ ቆዳዬንም ባወልቅ ደስ ባለኝ።

ልጄ ጥሩወርቅ ነርስ ናት። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን እዚያ ስትመደብ ተከተልኳት። እናንተዬ፣ ባሮን የሚያህል ወንዝ፣ በአንድ እጅ የማይያዝ ማንጎ፣ በየደጁ ዓሣ፤ ሁሉ ሞልቷል። የማወራው ሰው ብቻ ጠፋ፤ ቀኑም አልመሽ አለኝ። በወር አንዴ የብርቄ ደብዳቤ ይመጣል። እኔ በመሠረተ ትምህርት የለየሁት የመጽሐፍ ፊደል ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስለኛል። ስለዚህ ጥሩወርቅ ታነብልኛለች። ሁለት ገጽ ሙሉ አንብባ ስትጨርስ ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው እማዬ። ሁሉም ደህና ናቸው።"

ሁለት ገጽ ደህንነት! ደብዳቤው የእኔ፣ ግማሹን የምታስቀረው እሷ፤ ይህ ፍርድ ነው? ራሴ ላነበው ቆረጥኩ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዝጋቢው ቀና ሳይል "ተመዝጋቢው የት አለ?" አለ።

"ፊትህ ቆሜያለሁ።"

"እርስዎ? እሺ፣ ግብ?"

"የምን ግብ? ኳስ ተጫዋች መሰልኩህ?"

ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ተምረው የት መድረስ ይፈልጋሉ ማለቴ ነው" አለኝ።

"የራሴ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ" አልኩት። እንዳለ ጻፈው።

ከዚያ ቀኔን ከፋፈልኩ። ማለዳ ገበያ፣ ረፋድ ትምህርት፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ሥር ጥናት። ጥሩወርቅ "አንቺም ፕሮግራም አወጣሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። የክፍሉ በር ላይ "4:00" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በአራት ሰዓት ሄድኩ፤ ዝግ። በማግስቱም ዝግ። በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መምህሩ ኦሞድ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

"እማማ፣ አንቺ ለምን ፀሐይ ላይ ተቀመጥሽ?"

እዚህ አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ "እርስዎ" ማለት አይሆንለትም። ከብርቄና ከልጄ በቀር "አንቺ" የሚለኝ ስላልነበረ ሆዴ ባባ። ግን አለቀቅሁትም።

"አራት ሰዓት ብለህ ጽፈህ የለም?"

የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። "ይኸው አራት!"

ለካ ያደገው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው።

"የማን አራት? የእኔ አራት ጠዋት መጥቶ ሄደ። ሦስት ቀን በልተህብኛል፤ ትመልሳለህ።"

"ሰዓት እንዴት ይመለሳል?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

መለሰ። ሦስት ቅዳሜ፣ በእኔው አራት ሰዓት፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ለብቻዬ አስተማረኝ። ክፍል ውስጥ የማይሰጠውን የእጅ ጽሑፍ የለየሁት እዚያ ነው።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ሲመጣ ጥሩወርቅ ሥራ ላይ ነበረች። በጣቴ እየተከተልኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። የመጨረሻው መስመር "መቼ ትመጫለሽ?" ይላል። የቆዩትን አወጣሁ። ሁሉም ላይ አለ።

"ለምን ዘለልሽው?" አልኳት ስትመጣ።

"ካነበብኩልሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው" አለች፣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ። ያዘጋጀሁት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

ሰኞ ስልክ ቤት ሄጄ ብርቄ እንድትጠራልኝ ቀጠሮ አስያዝኩ፤ በቀኑም ተገኘሁ። "ሞጣ! ሁለት ቁጥር ይግቡ!" ተባልኩ፤ የስልክ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ።

"መቼ ትመጫለሽ?" አለች ብርቄ፣ ደህና ነሽ ሳትለኝ።

"ፈተና አለብኝ።"

"የምን ፈተና? በዚህ ዕድሜሽ?"

"የሦስተኛ ክፍል።"

"እኔስ ብመጣ? ሙቀቱ ሰው ይገድላል ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"ማነው እሱ ውሸታም!" አልኳት፣ ላቤን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ።

አንድ ነገር ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ወጥቼ "አልጨረስኩም" ብል፣ ስልከኛው "እንደገና ወረፋ ይያዙ" አለኝ። ያዝኩ።