ሽሮፑን ቀድመው የሚቀምሱልን አባባ

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ሶዶ ያሉት ሐኪሞች አዲስ ሽሮፕ ሲሰጡን፣ «ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በዚህ በሽታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና እያጠናን ነው» አሉን። እኔ ፈራሁ። የባለቤቴ አባት፣ አባባ፣ ግን ከሽሮፑ አንዲት ጠብታ በጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጓት።

«አባባ፣ በሽተኛው እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ነርሷ ሳቀች።

«እኔ ያልቀመስኩትን የልጅ ልጄ አትውጥም!» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ለልጄ ሁልጊዜ ቀድመው ይቀምሱላት ነበር። ፊታቸውን አጨማድደው «መራራ ነው፣ ዋጪው» ሲሏት እየሳቀች ትውጠው ነበር።

እሳቸውን ቀብረን በተመለስን ማግስት ማንኪያውን ሳቀርብላት፣ አፏን ገጥማ ባዶ በርጩማቸውን አየች። እየፈራሁ ቀመስኩላት።

«ፊትሽን እንደ አባባ አጨማድጂ እንጂ» አለችኝ።

አጨማደድኩ፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ።

አባባ፣ ዋጠችው። የሳቀ ግን የለም።