ሳይፈቀድልኝ የተቀመጥኩ ሽማግሌ

የመርሳ ሰው ነኝ፤ ፓፓያና ሙቀት ለምጄ ያደግሁ። ዳገት ጠላቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ከወልድያ በላይ፣ ደጋ ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ተመደበና የዚያን አገር ልጅ ወደደ። አባቷ «ቆለኛ ብርዳችንን አይችልም፤ ልጄን ጥሎ ይወርዳል» ይላሉ አሉ። ለሽምግልና የምንሄደው እኔና አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ነን፤ ተናጋሪው ደግሞ እኔ። እዚያ ደርሼ ካለከለክሁ ወንድሜ አበቃለት!

ስለዚህ በቴሌግራም የእፅዋት እንክብል ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። አሽዋጋንዳ፣ ሮዲዮላ፣ ሌላም የማላውቀው ሥር አለበት። «ለከፍታ፣ ለትንፋሽ፣ ለጉልበት» ይላል። ሻጩ ከሳምንታት በፊት ጀምር ብሎኝ ነበር። ማን ይሰማል? የጉዞው ዕለት ጠዋት ሁለት እንክብል ባንዴ ዋጥኩ። ጎረቤቴ አይተው «ወላሂ፣ አንተ ሰው፣ ዳገት የሚወጣው በእግር ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ከሚኒባስ ወርደን በእግር ስንጀምር ቀዳሚው እኔ ነበርኩ፤ ኧረ ኩራቴ! ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ ከዳኝ። ጎረቤቴ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ እያሉ አለፉኝ።

በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ ግን ገና የልጅቷ አባት ቤት እንደገባን፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ መደቡ ላይ ዘጭ አልኩ። ጎረቤቴ እንደቆሙ ቀሩ።

አባትየው «ምነው፣ ልጄን ወስዳችሁ ጨርሳችኋል እንዴ?» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባባ፣ ንቄ አይደለም» አልኩ እያለከለክሁ። «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። እባክዎ በእኔ አይፍረዱበት። እኔ አንድ ቀን ወጥቼ ልሞት ነው፤ ወንድሜ ክረምት ከበጋ ሲመላለስበት አንድ ቀን አላማረረም። ቆለኛው እኔ ነኝ፤ እሱማ የእናንተው ሆኗል።»

ይህን ስል እንባ እንባ አለኝ። መሐረብ ስፈልግ የእንክብሉ ብልቃጥ ከኪሴ ወደቀ። አባትየው አንስተው አሸተቱት። ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ሲነግሯቸው በሳቅ ፈነዱ።

«ሥር ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ? ጦስኝ እኮ ደጃችን ላይ ነው!» ብለው ትኩስ የጦስኝ ሻይ በማር አስመጡልኝ። ጠጣሁት፤ ነፍሴ መለስ አለች።

«በል አሁን ተነሥ» አሉኝ። «ልጄ በወግ ትጠየቅ።»

ከጎረቤቴ ጎን ቆሜ «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል» አልኩ። በዚህ ጊዜስ ቃሌ አልተቆራረጠም። አባትየው እጃቸውን ወደ መደቡ ዘረጉ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ።

አሁን ደግሞ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ!