የተዘጋው በርና የሕሊና ምክር

ለፍጥረት ሁሉ እስትንፋስን የሚሰጥ እግዚአብሔር ስሙ ይመስገን። በእሳት ተጎድታችሁ አልጋ ላይ ለምትገኙ፣ ልጆችንም ለምታሳድጉ፣ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ምልክት የድምፄ መጥፋት ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው፣ በእሳት ከተያያዘው አፓርትመንታችን ወጥተን ሣሩ ላይ እንደ ቆምን የልጅ ልጄን ሕሊናን ልጠራት ሞከርሁ፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው። ጥቁር አክታ ተፋሁ። ከዚያ በኋላ እጆቼን አየሁ። ተልጠዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የጧፌን ጢስ ባሸተተ ቁጥር እየጮኸ ጸሎቴን ስለሚያቋርጥብኝ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ከወራት በፊት አውጥቼ ነበር። በዚያ ቀን ጧፉን ሳላጠፋ የጸሎት ክፍሌን ዘግቼ፣ የሰባት ዓመቷን ሕሊናን ከትምህርት ቤቷ ስኩል ባስ ልቀበል ወረድሁ፤ ከጎረቤት ጋር ጨዋታ ይዤም ዘገየሁ።

ስንመለስ ከክፍሉ በር ሥር ጢስ ወጣ ገባ ይላል። ነበልባል አይታይም። ሕሊና የእጇን ጀርባ ወደ በሩ አስጠጋች።

«አባባ፣ በጣም ሆት ነው። አትክፈተው። ፋየርማኑ ስኩል መጥቶ ነግሮናል» አለችኝ፤ እሳት አጥፊውን ማለቷ ነው።

«የመምህሬ የብራና መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው፣ ልጄ።»

«እሱ ይቅር። አንተ ና።»

ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝና ከእርሷ መማር አልመሰለኝም። ወደ ውጭ አስወጥቻት ተመለስሁ። እጀታውን ያዝሁ። ከፈትሁ። አየር ገባ። እሳቱ ፈንድቶ ወጣ። ወደቅሁ። በጉልበቴ እየዳኽሁ ወጣሁ።

በሆስፒታል የተቀበለችኝ ሐኪም የአገራችን ልጅ ነበረች። «ኢንሃሌሽን ኢንጁሪ ነው» አለች፤ ትኩስ ጢስ የአየር ቧንቧን ሲጎዳ ማለት ነው። «ጉሮሮዎ እያበጠ ነው፣ አባቴ። ሳይዘጋ ቱቦ እናስገባለን።»

ዕድሜዬን በማሕሌት የቆምሁ ሰው ነኝ። ዳግም እዘምር እንደሆነ ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ ይተንፍሱ» አለችኝ።

ስድስት ቀን በቱቦ ተነፈስሁ።

ከዚያ ቤታችን እስኪጠገን በአቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሌላ ልጄ ቤት ተጠግተን፣ እጆቼ በፋሻ እንደ ተጠቀለሉ፣ ሕሊና እኔው የሠራሁላትን የፊደል ገበታ አልጋዬ ላይ ዘርግታ በእርሳስ እየጠቆመች «ሀ፣ ሁ» ታስብለኝ ጀመር፤ ድምፄ ሲሰነጠቅም «ዳክዬ መሰልህ» እያለች ትስቅ ነበር፤ እኔም እስክሳል እስቅ ነበር። በበጋው መጨረሻ አንድ አጭር ዜማ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ። ብራናው ግን ተቃጥሏል።

ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን እንዲህ አስረዳቸዋለሁ። በተዘጋ ክፍል ያለ እሳት አየር ሲያልቅበት የጠፋ ይመስላል። ክፍሉን የሞላው ትኩስ ጢስ ግን ራሱ ነዳጅ ነው። በሩን ስትከፍቱለት አየሩን ባንዴ አግኝቶ ይፈነዳል፤ ባክድራፍት ይሉታል። በሩ ከጋለ ወይም ጢስ በሥሩ ወጣ ገባ ካለ አትክፈቱ። ውጡ፤ ከውጭ ሆናችሁ ወደ አደጋ ጥሪው 911 ደውሉ፤ ለማንም ዕቃ አትመለሱ። ታላላቆች ሆይ፣ የሚነድ ጧፍ ትታችሁ አትሂዱ። ጢስ ከማጋችሁም፣ ደኅና ነኝ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስላከመችኝ እጅና ስላስተማረችኝ ልጅ አምላክን አመሰግናለሁ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ባትሪውን ገዛሁ። ሕሊና የቆምሁበትን ወንበር ያዘችልኝ። ማስጠንቀቂያውን ስሞክረው ሲጮኽ ጆሮዋን ይዛ፣ «በቃ አባባ፣ አሁን ጸልይ» አለችኝ።

እናንተንም አንባብያን፣ ከነልጆቻችሁ በሰላም አውሎ በሰላም ያሳድራችሁ፤ ቤታችሁን ከእሳት ይሰውርላችሁ፤ አሜን።