የሚዜው ጽጌረዳ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚዜው» ይለዋል። እሱ ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጋባ ኖረ፤ የሚያጋባው ግን ሰው ሳይሆን ጽጌረዳ ነው። በከተማው ችግኝ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ገና ያልፈነዳ እምቡጥ መርጦ፣ ወንዴውን በወረንጦ ይለቅማል፤ ከሌላ አበባ ያመጣውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባና፣ ንብ እንዳይደርስበት በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ በክር ያስረዋል። ባልደረቦቹ «ሚዜው፣ የዛሬዋ ሙሽራ እንዴት ናት?» ሲሉት፣ «ዓይናፋር ናት፤ አትጩሁባት» ይላቸዋል።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ማን እንደሆነ ለማንም ሳትናገር ሄደች። ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ ወስዶኝ «የአባት ስም?» ሲሉት፣ አጎቴ ዓይኑን ሳያሽ የራሱን ሰጠ።

ከሥራው ሁሉ የሚሳሳላት አንዲት ፍሎሪቡንዳ አለች፤ ዘለላ ዘለላ እየሆነች የምታብብ ሮዝ ጽጌረዳ። እናቷ ትንንሽ ነጫጭ አበባ በብዛት የምታወጣ ድንክ ቁጥቋጦ ናት። አባቷ ደግሞ በየዘንጉ አንድ ትልቅ ቀይ አበባ ብቻ የሚያወጣ ረጅም ኩራተኛ ነው ይባላል። ዘሯን ከዘራ፣ ከስንት ቡቃያ መሃል ከመረጣት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የጽጌረዳ ማኅበሩ የመመዝገቢያ ፎርም ላከለት። ካልተመዘገበች ጣቢያው ነቅሎ ሌላ ይተክልበታል። ዓይኑ ስለደከመ ፎርሙን የምሞላው እኔ ነበርኩ።

«እናት» የሚለውን ሞላሁ። «አባት» ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ስድስት ዓመቴ ሳለ፣ የዚህችው ጽጌረዳ እናት ሙሽራ ሆና ከረጢት ውስጥ ታፍና አሳዘነችኝ። ትንሽ አየር ታግኝ ብዬ ፈታኋት። ወዲያው የሌላ አበባ ብናኝ የተሸከመ ንብ ገባባት። ደንግጬ መልሼ ሸፈንኳት። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አሁን ብናገር የሰውየውን ልፋት ገደል መክተቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ በገዛ እጄ ውሸት ልጽፍለት ነው።

«ጋሼ፣ አባቷ ቀዩ ላይሆን ይችላል። ልጅ ሆኜ ከረጢቱን ፈትቼው ነበር።» እንባዬ ቀደመኝ።

«ክሩስ ጠፍቶሽ በምን አሰርሽው?» አለኝ።

ክው አልኩ። ከመሳቢያው አሮጌ ደብተር አወጣ። በገጾቹ መሃል ቀለሙ የለቀቀ ቢጫ የፀጉር ሪባን ነበር፤ የእኔ።

«ደንቡ ከረጢቱ የተነካ ፍሬ ይጣል ነው። መቀሴን ይዤ ሄድኩ። ሪባንሽን ሳይ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲህ ተጠንቅቃ ያሰረችውንማ አልቆርጥም አልኩ።»

በገጹ ላይ በእርሳስ «አባት፦ አልታወቀም» ይላል፤ ቀኑ ያው የዚያን ዕለት ነው።

«ታዲያ ለሰው ለምን ቀዩ ነው ስትል ኖርክ?»

«ምን ልበል? ልጄ አበላሸችብኝ ልበል? ይልቅ እውነቱን ጻፊ። መዝገቡ ውስጥ አባታቸው ያልታወቀ ስንት አሉ መሰለሽ!»

«አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። ዝቅ ብሎ «ያሳደገው» ይላል፤ የእሱን ስም ሞላሁ። መጨረሻ ላይ «ፎርሙን የሞላው» ይላል። የራሴን ስም ጻፍኩና፣ ከጎኑ እንደ ሁልጊዜው የእሱን ደገምኩት።